የስምንት ሰው ድንኳን

«ማንም እንዳይነቃነቅ» አለ አባቷ፣ ጠመኔውን በሁለት ጣቱ ይዞ በጉልበቱ እየዳኸ።

ማን ሰምቶት! የሳሎኑ ዕቃ ሁሉ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ቤተሰቡ በባዶው ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን ተጋድሟል። ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው መንታዎቹ በክርን ይጎሻሸማሉ። የአራት ዓመቱ ድንቡሼ ይስቃል፤ ለምን እንደሚስቅ እሱም አያውቅ። ጥግ ላይ የተጋደሙት አያታቸው ደግሞ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ጣራ ጣራውን እያዩ፣ «እንግዲህ በቁሜ ለካችሁኝ፤ ሳጥኑንም በዚያው እዘዙልኝና እረፉ» አሉ። እናታቸው ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ አልሆነላትም። በዚያ ቤት የእናት ሳቅ ከተሰማ አምስት ወር ሆኖት ነበርና ሁሉም ዘወር ብሎ አያት።

አባትየው ሸራ ሰፊ ነው። የጭነት መኪና ልባስ፣ የሱቅ በራፍ ጥላ፣ የዕቃ መሸፈኛ፣ ምን የማይሰፋው አለ! ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሯል። ደንበኞቹ ዝምታውን ያሙታል እንጂ ልኩን አምቶት የሚያውቅ የለም፤ እሱ የቆረጠው ሸራ አንድ ጣት ሲተርፍ ወይም አንድ ጣት ሲያንስ ያየ ሰው ካለ ይምጣ። አሁን የሚለካው ግን መኪና ሳይሆን የገዛ ቤተሰቡን ነው። በየሰዉ መሃል መስመር ያሰምራል፣ ሜትሩን ዘርግቶ ቁጥሩን ይጠራል፣ ትልቋ ሴት ልጁ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

ልጁን ቤት ውስጥ «ጸሐፊዋ» ይሏታል። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጽሕፈቷ የተስተካከለ ስለሆነ ገና ከትንሽነቷ ጀምሮ የዚያ ቤት ጽሑፍ ጣጣ ሁሉ የእሷ ነው፤ የሚገዛ ነገር ዝርዝር፣ የአያቷ መድኃኒት ሰዓት፣ ለትምህርት ቤት የሚላክ ደብዳቤ ሳይቀር። የስምንቱን ሰው ስፋት ደምራ ስታበቃ ሦስት ሜትር ከዘጠና ሆነ። አባቷ ቁጥሩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ጉዞው የአባትየው ሐሳብ ነበር፤ ሰውን ሁሉ ያስገረመውም ይኸው ነው። ከቤቱና ከሱቁ ሌላ መንገድ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ትምህርት ሲዘጋ ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክለን ሁለት ሌሊት እናድራለን አላቸው። ከጸሐፊዋ በሁለት ዓመት የምታንሰው፣ ነገር ስለማያመልጣት ቆቅ የሚሏት እህቷ፣ «ሼም ነው አባዬ፤ ሰው እኮ ሆቴል ነው የሚያድረው» ብትል፣ ለዚህ ሁሉ መንጋ አልጋ መከራየት ቤቱን እንደ መሸጥ መሆኑን አያትየው አስረዷት።

ጸሐፊዋም ደብተሯን አወጣች። ሽንኩርት ሊጭን ባዶውን የሚወርድ አንድ ሾፌር አለ፣ የአባቷ ደንበኛ፤ ዓርብ ጠዋት ሐይቁ ዳር ጥሏቸው እሁድ ሲመለስ ይሰበስባቸዋል። ለምሰሶ የሚሆን ያረጀ የውሃ ቧንቧ ከጎረቤት ቧንቧ ሠራተኛ ተገኘ። ለካስማ ቁርጥራጭ ፌሮ ከአንድ ሕንፃ ሥር ተለቀመ። ቀጫጭኑ ብርድ ልብስ ከሥር ይነጠፋል፣ ወፍራሙ ለሁለት ለሁለት ይለበሳል። እንቁላሉ መንገድ ላይ እንዳይሰበር ሩዙ ውስጥ ተቀብሮ ይሄዳል። ድንቡሼ ሌሊት ሽንቴ ሲል ማን ይዞት እንደሚወጣ እንኳን በተራ ተጽፏል። ስምንት ሳህን፣ ስምንት ማንኪያ፣ ስምንት ኩባያ። ስምንት ብላ በጻፈች ቁጥር እጇ ይከብዳታል። ያ ቤት የዘጠኝ ሰው ቤት ነበርና።

ዘጠነኛው ታላቅ ወንድማቸው ነው፤ ሁሉም ጋሽዬ ይሉታል። የመጨረሻው ክፍል ላይ ሲደርስ ትምህርቱ አልገባ አለው። አልገባኝም ብሎ መናገር ደግሞ አፈረ። ስለዚህ በየጠዋቱ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ደብተሩን ይዞ፣ እናቱን ስሞ ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ ግን አንድ ጎማ ቤት ሲሠራ ይውላል። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ሸወዳቸው። አንድ ቀን አስተማሪው ቦርሳ ሊያሰፋ ሱቅ መጥቶ፣ ልጅህ ታመመ እንዴ ብሎ አባትየውን ጠየቀው። በዚያ ቀን ጉድ ፈላ። አባትየው ጩኸት የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ምሽትም አልጮኸም። «ውሸታም ከእኔ ጋር አንድ ጣራ ሥር አያድርም» አለ፣ ቀስ ብሎ። ጋሽዬ ልብሱን በከረጢት ይዞ ወጣ። ያንን ጎማ ቤትም ለቀቀ፤ ሄደው ቢጠይቁ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቤት ውስጥ አይነሳም። እናትየው ግን መንገድ ላይ ረዘም ያለ ወጣት ባየች ቁጥር ቆም ትላለች፣ ፊቱን ታያለች፣ ከዚያ መንገዷን ትቀጥላለች።

ጸሐፊዋ ይህን ስታይ ዓይኗን ትሰብራለች፤ የት እንዳለ ታውቃለችና። ከአራት ወር በፊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ከትልቁ መንገድ ጀርባ ባለ ሌላ ጎማ ቤት ትልቅ ጎማ እያንከባለለ አገኘችው። ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ በእማዬ ሞት አስማላት። «ለአባዬ ከነገርሽ ከዚህም እጠፋለሁ። ያን ጊዜ አንቺም አታገኚኝም» አላት። ቀልዱን እንዳልሆነ ከዓይኑ አወቀች። ማለች፣ ነገሩን ዋጥ አደረገች፣ አራት ወር ሙሉ ተሸክማው ዞረች። እንዲህ ያለ ምስጢር ለአሥራ አራት ዓመት ትከሻ ይከብዳል፤ ወገብ ያጎብጣል።

ሊሄዱ ስድስት ቀን ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ድንኳኑ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ለሙከራ ተተከለ። አምሮበታል። ስፌቱ ሁለት ሁለት መስመር ነው፣ ማዕዘኖቹ በቆዳ ተደርበዋል። መንታዎቹ ካስማ እየመቱ አንዱ የሌላውን ጣት ለጥቂት ሳተ። ከዚያ ሁሉም በዝርዝሩ ተራ ገብቶ ይጋደም ተባለ፤ አያትየው ከዳር፣ ቀጥላ እናት ከነድንቡሼ፣ ከዚያ ቆቅ፣ ጸሐፊዋ፣ መንታዎቹ፣ መጨረሻ በበሩ በኩል አባት።

ስምንቱም ተጋድመው ሲያበቁ በአባትየውና በበሩ መሃል ባዶ ቦታ ቀረ። ትንሽ ክፍተት አይደለም፤ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ነው። መንታዎቹ ወዲያው በአባታቸው ላይ ተንከባለው ገቡበት።

«ውይ አባዬ ዛሬ ተሸወደ» አለ አንደኛው።

አባትየው ተነስቶ ተቀመጠ፣ የድንኳኑን ጣራ አየ፣ ስፌት የሚያይ መሰለ። «ሸራ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል» አለ በመጨረሻ። «ዝናብ ቢመታን ብዬ ነው የጨመርኩት።»

አያትየው፣ ጎሽ፣ አስቦበታል አሉ። እናትየው ግን ድንቡሼን ለቆቅ አስታቅፋ፣ እሳት ላይ ድስት ጥጃለሁ ብላ ወጣች። እዚያ ግቢ ውስጥ እሳትም ድስትም አልነበረም።

ጸሐፊዋ እንደተጋደመች ቀረች። ያን ሸራ የነከሩት እሷና አባቷ ነበሩ። ከሳምንት በፊት በርሜል ውስጥ አሳድረው፣ በማግስቱ ሁለት ሁለት ጫፉን ይዘው አጥር ላይ አስጥተውታል። ሸራ ሳይቆረጥ በፊት ይነከራል፤ የሚሰበሰበውን ያህል ያኔውኑ ተሰብስቦ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቢዘንብም ባይዘንብም ንቅንቅ አይልም። ይህን ያስተማራት ራሱ ነው። ሁሉም ከወጣ በኋላ ሜትሩን ከሱቁ አምጥታ ባዶውን ቦታ ለካች። ስልሳ ሳንቲም ሞላ። ለትልቅ ሰው የሚሰጠው ልክ ስልሳ ነው። ጋሽዬም ቤት እያለ የሚተኛው ሳሎን ውስጥ፣ በበሩ በኩል ነበር። አባቷ እንዳልተሳሳተ ያኔ ገባት። አፉ እምቢ ያለውን እጁ ቆርጦታል። ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ ብቻዋን ድንኳኑ ውስጥ አለቀሰች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጎማ ቤቱ ሄደች። ጋሽዬ የተነፈሰ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦ ይበላል። ሁሉንም ነገረችው፤ ልኩን፣ ባዶውን ቦታ፣ የአባቷን ሰበብ፣ የእናቷን ድስት። እሱ ማኘኩን አቆመ። ለጥቂት ጊዜ ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ፤ ይመጣል ብላ ተስፋ አደረገች። ከዚያ ግን ተመልሶ ጠቆረ።

«ተሳስቶ ይሆናላ» አለ።

«አባዬ ልክ ይስታል?»

«እሺ አይስትም። ታዲያ ለምን አይጠራኝም?»

«የት ብሎ ይጥራህ፣ ጋሽዬ? የት እንዳለህ የማውቀው እኔ ነኝ። የእኔን አፍ ደግሞ ዘግተኸዋል።»

ጋሽዬ ዳቦውን በወረቀት ጠቀለለ፣ ፈታ፣ መልሶ ጠቀለለ። «ስሚ» አለ በመጨረሻ። «ያባረረኝ በአፉ ነው፣ የሚመልሰኝም በአፉ ይሁን። ሸራ ቆርጦ ዝም ቢል እኔ ምን ልሁን ነው የሚለው? መሐላሽን እንዳትረሺ።»

ቁርጥ አባቱን! እሷን ያናደዳት ይኸው ነው። ሁለቱም አንድ ነገር ይፈልጋሉ፣ ሁለቱም አንገታቸውን አቀርቅረው ሌላው ይጀምር ይላሉ፣ መሃል ላይ የሚሰነጠቀው የእሷ ልብ ነው። ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳት። ብትናገር ጋሽዬ እንዳለው ይጠፋል፤ በእናቷ ሞት የማለችበት ቃልም አለ። ዝም ብትል ዓርብ ስምንት ሆነው ይሄዳሉ፣ ያ ስልሳ ሳንቲም ባዶውን ሁለት ሌሊት ያድራል፣ አባቷ ሲመለስ ድንኳኑን አጥፎ ጥግ ያስቀምጠዋል፤ ሁለተኛ ደግሞ እጁን የሚዘረጋ አይመስላትም። ለማን ትናገር? ለቆቅ ብትነግራት ከተማው ሁሉ ይሰማል። ለእናቷ ብትነግራት እዚያው ጎማ ቤት በር ላይ ትወድቃለች፤ ጋሽዬም ከድንጋጤው ብዛት ይሮጣል። ይህ ሸክም የእሷ የብቻዋ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት፣ በማግስቱ ሊሄዱ፣ ሱቅ ስትደርስ አባቷ የድንኳኑን የገመድ ማሰሪያ እየሰፋ ነበር። ሾፌሩ ከፊት ስንት፣ ከኋላ ስንት እንደሚቀመጥ ማወቅ ይፈልጋል፤ በይ ዝርዝሩን አንብቢልኝ አላት። ደብተሯን ገለጠች። ብርድ ልብሱን አነበበች፣ ምሰሶውንና ካስማውን፣ ድንቹን፣ ሩዙን፣ ሁለቱን ጀሪካን። ማሽኑ ሳያቋርጥ ይንጣጣል። የሰው ቁጥር ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች።

«ሰው ስንት አልሽ?» አላት ዓይኑን ከስፌቱ ሳያነሳ።

«እኔ የጻፍኩት ስምንት ነው» አለች። «አንተ ግን የቆረጥከው ለዘጠኝ ነው።»

ማሽኑ ቆመ።

«ነገርኳችሁ እኮ፣ ለዝናብ...»

«አባዬ፣ ሸራውን አብረን ነክረነዋል።»

ከውጭ ጋሪ አለፈ። አባቷ እጁን መርፌው ሥር እንዳደረገ ቀረ፤ እሷም ከአሁን ወዲያ ወደ ኋላ እንደማይባል አወቀች። ፈራች። ውሸታም ከእሱ ጋር አንድ ጣራ ሥር የማያድር ከሆነ፣ አራት ወር ሙሉ እያወቀች እንደማታውቅ የሆነችው እሷ ምን ልትባል ነው?

«ጋሽዬ ያለበትን አውቃለሁ» አለች። «ካወቅሁ አራት ወር ሆኖኛል። በእማዬ ሞት አስምሎኝ ነው ያልነገርኳችሁ። ከነገርሽ እጠፋለሁ ብሎኛል። አሁንም ሊጠፋ ይችላል፣ አባዬ። አውቄ ነው የምነግርህ።»

ቁጣውን ጠበቀች። አባቷ ግን ከመቀመጫው አልተነሳም።

«ከስቷል?» አላት።

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። «ትንሽ» አለች። «ጠቆርም ብሏል። ግን ደኅና ነው። ይሠራል።»

«ስለ እኔ ምን አለ?»

ልትሸፋፍነው ፈለገች፤ ተወችው። ውሸት በቅቷታል። «ያባረረኝ በአፉ ነው፣ የሚመልሰኝም በአፉ ይሁን ነው ያለው።»

አባቷ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «እውነቱን ነው» አለ። ከዚያ ተነስቶ ኮቱን ከሚስማሩ አወረደ፣ ሱቁን ቆለፈ፣ ቁልፉ በሩ ላይ ቀርቶ ነበርና እሷ ነቅላ ሰጠችው። ለእማዬ እንንገራት ወይ ብትለው፣ መጀመሪያ ይመጣ እንደሆነ እንወቅ፤ ሁለት ጊዜ አላሳዝናትም አለ።

መንገዱ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። እሷ ግማሽ እርምጃ ትቀድማለች፣ እሱ ይከተላል፤ ሁልጊዜ መሪ የነበረ ሰው ዛሬ በልጁ መንገድ ይሄዳል። የጎማ ቤቱ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ቆም አለ። ጎረምሳው ቢሮጥ ተከትሎ መሮጥ እንደማይችል፣ ቢችልም እንደማያደርገው ነገራት። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። እሷ ቀድማ ብትገባ፣ እሱ ከሩቅ ቢጠብቅ ይሻል እንደሆነም ጠየቃት። አሰበችበት። ከዚያ፣ አይሆንም አለችው፤ በተደበቀ ነገር ስንት ወር ተቃጠልን፣ አሁን አብረን እንገባለን።

ጋሽዬ የውሃ ገንዳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ የተነፋ ካላማዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ፊኛ፣ ውሃው ውስጥ እየደፈቀ ቀዳዳው ከየት እንደሚንፈቀፈቅ ይፈልጋል። ቀና ሲል አያቸው። ካላማዳሪው ከእጁ አመለጠ። ተነስቶ ቆመና መጀመሪያ ያየው ወደ ጓሮ የሚያስወጣውን ቀጭን መንገድ ነው። ጸሐፊዋም አየችው። እሱ አንድ እርምጃ ሳይራመድ፣ ከአባቷ ጎን ወደ ፊት ወጥታ ቆመች።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለች። «ቃሌን አጥፌያለሁ። ከተቆጣህ እኔን ተቆጣ።»

ጋሽዬ ከእሷ ወደ አባቱ ተመለከተ። አባትየው አፉን ከፈተ፣ አልወጣለትም። እንደገና ከፈተ። ጎማ ቤቱ ውስጥ ሰዎች ሥራቸውን ትተው እያዩት መሆኑን ያውቃል፤ ሰው ፊት መናገር ደግሞ እንደ ሞት የሚፈራው ነገር ነው።

«ያን ቀን ያልኩህን ማለት አልነበረብኝም» አለ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ና ወደ ቤት፣ ልጄ።»

ጋሽዬ ቀስ ብሎ ቀረበና፣ እጁ እስከ ክርኑ በግሪስና በጎማ ጥቁር ስለሆነ መዳፉን ጨብጦ አንጓውን ለሰላምታ ዘረጋ። አባቱ አንጓውን አልያዘም። የተጨበጠውን መዳፍ በገዛ ጣቶቹ ፈልቅቆ ጨበጠው።

«እጄ ቆሻሻ ነው፣ አባዬ» አለ ጋሽዬ።

አባቱ አልለቀቀውም። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው እንደቆሙ፣ ጸሐፊዋ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ወደ ጎማ ቤቱ ባለቤት ሄደችና ወንድሟ እስከ ሰኞ ፈቃድ እንዲሰጠው ጠየቀችው።